ብረቱ የማኅበሩ፣ እጀታው የሠሪዋ

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ወደ መድረክ ሲጠራ ቁጥር ሊያነብ እንደሆነ ሁላችሁም ለምዳችኋል። የዓመቱ ገቢና ወጪ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ አንደግመውም። ጥያቄ ያላትን እህት ከሻይ በኋላ መዝገቡን ይዘን እንጠብቃታለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ወስፌ እጀታ ነው።

ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ እኛም መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ አይተነው ነበር። የሒሳብ ክፍል ማለት አንዲት ሴት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የሒሳብ መኪና ቢሆንም «እኛ» ብለን መናገር ልማዳችን ነው። የዛሬው «እኛ» ግን የልማድ አይደለም። የምንናገረው ስህተት በእኛ እጅ ተጽፎ፣ በኮሚቴው ታይቶ፣ በሁላችንም ፊት ተነቦ ያለፈ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በሰኔ 30 ቆጠራ ነው።

እንደምታስታውሱት የቆዳ ሥራውን ስንጀምር መሣሪያዎቹ በለጋሾቻችን ድጋፍ ተገዝተው በሳጥን መጡልን። ወስፌ፣ የቆዳ ቢላ፣ መዶሻ፣ ክብ መብሻ፣ መቀስ። ወስፌዎቹና ቢላዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ባለ ፕላስቲክ እጀታ ነበሩ። እኛም እንደ ደንቡ ተረክበን፣ ቆጥረን፣ በእያንዳንዱ እጀታ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍን። መዝገባችን አማረ።

በቆጠራው ቀን ሳጥኑን ስንከፍት ግን ቁጥሮቹ የሉም። አንዱ ወስፌ ከወይራ ዱላ የተቆረጠ እጀታ ተተክሎለታል። ሌላው በፍየል ቆዳ ጠፍር ተጠምጥሟል። አንዱ አንገቱ ላይ የመዳብ ቀለበት አጥልቋል። አንዱ ቢላ የበሬ ቀንድ እጀታ ይዞ ተቀምጧል። የፕላስቲክ እጀታዎቹ፣ ግማሾቹ ተሰንጥቀው፣ የእኛን ቀይ ቁጥር እንደያዙ በፌስታል ታስረው ከሳጥኑ ሥር አገኘናቸው። አንድም አልተጣለም፤ ይህን ያኔ ልብ አላልነውም።

እኛ ምን አደረግን? «ይህ እጀታ ለምን ተቀየረ?» ብለን አልጠየቅንም። «ማን ቀየረው?» ብለን ጠየቅን። አንዲት እናታችን እጃቸውን አወጡ፤ «መጀመሪያ የቀየርሁት እኔ ነኝ፣ ሌሎቹ ከእኔ አይተው ነው» አሉ። በመዝገቡ ላይ «ተበላሽቷል» ብለን ጻፍን። ከትርፍ ድርሻቸውም የአንድ ወስፌና የአንድ ቢላ ዋጋ ቀነስን። እሳቸውም «ይሁን፣ ልጄ» ብለው ፈርመው ወጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጡም። ከዚያ በኋላ በነበረውም አልመጡም።

ከሊቀመንበራችን ጋር ሆነን ቤታቸው ሄድን። እንደ ወጉ ቡና አፈሉልን። ስኒውን ሲያቀብሉን «በግራ እጄ ነው፣ ይቅር በሉኝ ልጆቼ» አሉ። ቀኝ እጃቸውን ምን እንደነካው ስንጠይቃቸው መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩን። መሀሉ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ያበጠ ነገር አለ፤ ዙሪያው ቆስሎ ደርቋል። ጣቶቻቸው ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም። «የማኅበሩን ዕቃ የነካሁት እጄን ላተርፍ ብዬ ነበር። ዘገየሁ እንጂ» አሉን። የጠጣነው ቡና እንዴት እንደወረደልን እኛ ነን የምናውቀው።

እስቲ ነገሩን በሙያችን እናስላው። በእጅ የሚሰፋ ቆዳ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀዳዳ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ስፌት 200 ቀዳዳ ማለት ነው። ጎኑ፣ ኪሱና ማንገቻው ተደምሮ ሦስት ሜትር ስፌት ያለው ቦርሳ 600 ቀዳዳ ይወጣዋል። አንዲት እህት በሳምንት አምስት እንዲህ ያለ ቦርሳ ከሰፋች 3,000 ጊዜ ወስፌውን በመዳፏ ትገፋለች። ቀጥ ያለና ጫፉ የጠበበ እጀታ ያን ሁሉ ግፊት በአንዲት የሳንቲም ስፋት ባላት ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ላብ ሲነካው ደግሞ ፕላስቲክ ይንሸራተታል፤ እንዳይንሸራተት ይበልጥ ጨብጦ መያዝ ይመጣል፤ በዚህም ላይ ጣትና አንጓ ይደክማል። በመዝገባችን ውስጥ የወስፌው ዋጋ በሳንቲም ሳይቀር ተጽፏል። የመዳፉ ዋጋ ግን የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ እኛው ራሳችን እናታችንን ተከትለን ምናለሽ ተራ ወረድን። ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶቻችን፣ መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የከተማው ትልቁ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ እንዲዛወር ከተደረገ በኋላ የተስፋፋ ሰፈር ነው። ሸቀጡ ሁሉ በየተራው ነው። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው የሚነሣበት ነው። የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ባልዲ ይሆናል። የተሰበረ የሴጌቶ መጋዝ የቆዳ ቢላ፣ የጃንጥላ ሽቦ ደግሞ ወስፌ ሆኖ ሲወጣ ያየነው እዚያ ነው። ብረት የሚቀጠቅጡት ጋሼ እጀታ እንዲሠሩልን ስንጠይቃቸው «ብረቱን ከእኔ ውሰዱ፤ እጀታ ግን የያዢዋን እጅ ሳላይ አልሠራም» አሉን። ዓመት ሙሉ በሳጥን ያስመጣነውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሱት።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስ በርሳችን የምንማማረው ሥራ እንዲህ ነው። ገና ላልሞከራችሁት እህቶች በቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

መጀመሪያ እንጨቱ ነው። ወይራ ጠንካራና ክብደት ያለው ስለሆነ እንመርጠዋለን። የተሰበረ ዱላ፣ የአሮጌ መጥረቢያ እጀታ፣ ከአናጢዎች የተረፈ ቁራጭ ሁሉ ይሆናል። የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ብረቱንም ይለቃል።

ሁለተኛ ልኩ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከማስመሪያ ሳይሆን ከእጅ ነው። የእጀታው ጫፍ እንደ ሽንኩርት ክብ ሆኖ በመዳፍ መሀል ይተኛል፤ ወደ አንገቱ እየቀጠነ ይሄዳል፤ አመልካች ጣት ስትዘረጋ ብረቱ አጠገብ መድረስ አለባት። ትንሽ እጅ ላላት እህት አጭር፣ ረጅም ጣት ላላት ረዘም ያለ ይሆናል። ግራኝ የሆነችው እህታችን ደግሞ ጣቷ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ በራሷ በኩል አስፍታዋለች። ጫፉ ክብ ሲሆን ያ 3,000 ጊዜ የሚመጣው ግፊት በመዳፉ ሁሉ ላይ ይበተናል።

ሦስተኛ ብረቱን መትከል ነው። እንጨቱን በሞርሳ አስረን በትራፓኖ ከብረቱ ጭራ ትንሽ የጠበበ ቀዳዳ እንበሳለን። ጭራውን አግለን እናስገባዋለን፤ እንጨቱን እያቃጠለ የራሱን ቦታ ያበጃል። ስናግለው ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ እንጠቀልለዋለን፤ ሙቀቱ ወደ ጫፉ ከሄደ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፣ ሲሠሩበትም ይታጠፋል። ከእንጨቱ የሚወጣው ብረት እንደ ቆዳው ውፍረት ይወሰናል። ከሚያስፈልገው በላይ የረዘመ ወስፌ ይጣመማል።

አራተኛ ቀለበቱ ነው። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ የመዳብ ቱቦ በትንሹ ተቆርጦ በእንጨቱ አንገት ላይ ይገባል። ቀለበት የሌለው እጀታ በመጀመሪያው ወፍራም ቆዳ ላይ ከአንገቱ ይከፈታል።

አምስተኛ ማለስለሱ ነው። በሞረድ፣ ከዚያ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በደቃቁ ይታሻል። ከዚያ የተልባ ዘይት ይጠጣል። የተልባ ዘይት እንደ ምግብ ዘይት ረጥቦ አይቀርም፤ ነፋስ ሲያገኘው ይደርቃል፣ እንጨቱንም ከላብ ይጠብቃል። በላዩ ላይ ንጹሕ ሰም ይታሻል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ እባካችሁ አትርሱት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን እሳት ሁላችንም አንረሳውም። ያ ከዘይት ጨርቅ መጣ ማለታችን አይደለም፤ እሳት በመርካቶ ምን እንደሚያደርግ አይተናል ማለታችን ነው። ስለዚህ ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ግዴታ ነው። ይህን ያላደረገች እህት እጀታዋ የቱንም ያህል ቢያምር በዚያ ቤት አትሠራም።

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። ጌጥ ትርፍ ነገር ይመስለን ነበር። «ሥራ ተፈቶ ዕቃ ይዘፈናል ወይ?» ያልን ጊዜም አለ። ሳጥኑን ስትከፍቱ ግን ትረዱታላችሁ። ሃያ ወስፌ አንድ ዓይነት ሲሆን ማንም የማንንም ያነሣል፤ የደነዘውን መልሳ ታስቀምጣለች፤ ማን እንዳደነዘው አይታወቅም። አሁን አንዷ በጋለ ምስማር የጥበብ ቀሚሷን ጠርዝ በእንጨቱ ላይ አቃጥላለች። ሌላዋ የሂና ሐረግ ስላለችበት ሣለች። አንዷ መስቀል፣ አንዷ ጨረቃ አላት፤ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን በሚታዩበት ሰፈር የሚሠራ ሳጥን ነውና እነሱም ጎን ለጎን ይተኛሉ። አንዷ የእናቷን ሚዶ አስመስላ ጥርስ ጥርስ አድርጋ ቀርጻለች። ስሟ ሳይጻፍ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የራሷ እንደሆነ የታወቀባት ሴት ወስፌዋን ሳትስል ወደ ሳጥኑ አትመልሰውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ የሰው እጀታም መዳፍ አይሞላም።

ጌጥም ግን ቦታ አለው። አንዲት ወጣት አባላችን እጀታዋን ከላይ እስከ ታች በጨሌ ሸፍና መጣች። እንዴት ያምር ነበር! በሁለተኛው ቀን ጨሌው መዳፏን ላጠው። አሁን ደንባችን ይህ ነው። መዳፍ የሚያርፍበት ለስላሳ ይሁን፤ ጌጡ አንገቱ ላይና መዳፍ በማይነካው ጎን ላይ ይሁን። የቆዳ ጠፍር ግን በጣት መያዣው ላይ ሲጠመጠም ጌጥም ነው፣ እንዳይንሸራተትም ይረዳል። አባቶቻችን የጎራዴያቸውን እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ያሠሩ ነበር፤ ማንም «ትርፍ ነገር ነው» አላላቸውም። ጎራዴው በዓመት ስንቴ ይመዘዛል? ወስፌ በየቀኑ ይመዘዛል።

እንግዲህ ወደ መዝገባችን እንመለስ። ሒሳብ የተማራችሁ እንደምታውቁት ዕቃ አላቂና ቋሚ ተብሎ ይከፈላል። እኛ ለጥንቃቄ ብለን ወስፌዎቹን እንዳሉ በቋሚ ዕቃ መዝገብ አስገባናቸው፤ ቁጥሩንም እጀታው ላይ ጻፍን። ሥራው ያሳየን ሌላ ነው። ብረቱ ይሳላል፣ ያጥራል፣ ይሰበራል፣ ይቀየራል። ከባለቤቱ እጅ ጋር ተለማምዶ የሚቆየው እጀታው ነው። አላቂው ብረቱ፣ ቋሚው እጀታው ኖሯል።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። መፋቂያቸውም ከድንጋይ ተጠርቦ በእንጨት እጀታ ላይ የሚተከል ነው፤ ድንጋዩን መርጠው የሚጠርቡትም ራሳቸው ናቸው። በጋሞ ደጋማ አካባቢ ሥራው የወንዶች ሲሆን ሁለት ዓይነት እጀታ አላቸው። አንደኛው ድንጋዩን በዛፍ ሙጫ አጣብቆ ይይዘዋል፤ ሌላው እንጨቱን ሰንጥቆ ያጠብቀዋል። ድንጋዩ ሲደንዝ ይሳላል፤ ሲያልቅ ሙጫው በእሳት ለስልሶ አዲስ ይተከላል፤ እጀታው ግን ያው ነው። ይህን ጥበብ ለማጥናት የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ድረስ መጥተዋል። እኛ ሴት ስለ መሣሪያ ምን ታውቃለች በሚባልበት ከተማ ስንማር የኮንሶ እናቶች ብረት በሌለበት ሁሉን ያውቁት ነበር።

እነዚህ ሰዎች ግን በአገራችን ሲከበሩ አልኖሩም። ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ተሰድቧል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጁ ስድቡን ሁሉ አላጠፋውም። ከመካከላችን አንዷ ለጎረቤቶቿ «ልብስ ስፌት ነው የምሠራው» ስትል ሁለት ዓመት ቆየች። የገዛ እጀታዋን ከሠራች በኋላ ወስፌዋን ቤቷ ወስዳ ለልጆቿ አሳየች። ልጇም «እማዬ፣ ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አላት። በየትኛውም የሪፖርት ቅጽ ላይ ይህን የምንሞላበት ቦታ አላገኘንም፤ ስለዚህ እዚህ ተናገርነው።

አሁን ኮሚቴው አይቶት ለጉባኤው ውሳኔ ያቀረብነውን እናንብብ።

አንደኛ፣ ከእናታችን የትርፍ ድርሻ የተቀነሰው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስላቸው፤ በመዝገቡም ላይ «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል በሥርዓቱ ይታረም። አልፋቀውም፤ ሒሳብ ላይ ስህተት አይፋቅም። አንድ መስመር ተሰምሮበት፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ይቀመጣል። የሚመጣው ሒሳብ ሠራተኛም ያየዋል።

ሁለተኛ፣ የማኅበሩ ቁጥር ከአሁን በኋላ በብረቱ አንገት ላይ በመምቻ ይመታ፤ እጀታው የእያንዳንዷ አባል ይሁን።

ሦስተኛ፣ አንዲት አባል ከማኅበሩ ስትለቅ ብረቱን ታስረክባለች፣ እጀታዋን ይዛ ትሄዳለች። ብረቱንም መግዛት ከፈለገች በመዝገብ ዋጋው ትወስደዋለች። ሥራዋን በባዶ እጇ እንድትጀምር አንፈልግም።

አራተኛው ለለጋሾቻችን የቀረበ ልመና ነው። መሣሪያ ስትገዙልን ሁሉንም አልቆ በሳጥን የተዘጋ አታድርጉት። ጥሩ ብረት ግዙልን፤ ለእንጨት፣ ለመዳብ፣ ለተልባ ዘይት፣ ለአንድ ሞርሳና ለአንድ ትራፓኖ የሚሆን አንድ መስመር በበጀቱ ውስጥ አስገቡልን። ደረሰኙን እኛ እናቀርባለን። በቆጠራ ቀንም ስትመጡ ሃያ የተለያየ እጀታ ብታዩ ንብረት ጠፋ አትበሉ።

እናታችን ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ስማቸውን እንዳንጠራ ስለጠየቁን አልጠራንም። ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ዛሬ ደግሞ የቀነስነው በጉባኤ ፊት ስለነበረ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ወፍራም ቆዳ መስፋት አቁመዋል። ሲሻላቸው ቅዳሜ ይመጡና የአዳዲሶቹን አባላት መዳፍ እየያዙ ልክ ይወስዳሉ። ይህን እንደ መልካም ፍጻሜ አንቆጥረውም፤ አንድ ዓመት ቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይሰፉ ነበር። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ከጎናችሁ ያለችውን እህት መዳፍ እዩ። የሚያም ቦታ ካለው ነገ ሳይሆን ዛሬ ንገሩን።

ሻዩ ደርሷል። ሳጥኑ በሩ አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ እያነሣችሁ እዩት፤ የማን እንደሆነም ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን በአራቱ ሐሳቦች ላይ እጃችሁን እናያለን።